አይስብም፦ የአሮጌ ፒክአፕ ሞተር ጉልበት ከየት ይመለሳል?

አሮጌ ፒክአፕ የያዘ ሰው አንድ ቀን ጋራዥ ገብቶ የሚናገረው ቃል አንድ ነው፦ «አይስብም።» ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ጭነት ይዞ ዳገት ሲገጥመው ግን አራተኛ ማርሽ ይከብደዋል፣ ሦስተኛም አልበቃ ይለዋል፣ ሁለተኛ ላይ እየጮኸና ጥቁር ጢስ እየተፋ ይወጣል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ ጉልበት እንዴት ይጨመርለት? መካሪው ብዙ ነው። አንዱ ፖምፓውን አስከፍተው ይላል፤ ሌላው ቱርቦ አስገጥምለት፤ ሌላው ማርሚታውን በሰፊ ቀይረው፤ ሌላው ደግሞ ይህን አውርደህ ሌላ ሞተር ስቀል። ሁሉም ከፊል እውነት አላቸው። የሚለያዩት በሚያስወጡት ገንዘብና ሞተሩ ከዚያ በኋላ በሚኖረው ዕድሜ ነው።

መንገዶቹን ሁሉ የምመዝነው ከአንድ አቋም ተነሥቼ ነው። ከአሮጌ ሞተር የሚገኘው የመጀመሪያ ጉልበት ያጣው ጉልበት ነው፤ እሱ ሳይመለስ የሚደረግ ጭማሪ ሁሉ የደከመውን ሞተር ይብሱን ያደክመዋል። ከዚያ አልፎ መጨመር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከነዳጅ በፊት አየር መፈለግ አለበት፤ በተለይ እንደኛ ባለ ደጋ አገር።

ለምሳሌ የያዝኩት የቶዮታ ሃይሉክስን አሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ነው። 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል የሚባሉት እነዚህ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ የመጀመሪያው 2,446፣ ሁለተኛው 2,779፣ ሦስተኛው 2,986 ሲሲ ነው። በተለመደው አሠራራቸው ቱርቦ የላቸውም። ናፍጣው የሚረጨው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው፤ ኮምፕሬሽናቸው 22 ለ1 አካባቢ ነው። 3ኤል ከፋብሪካ ሲወጣ 90 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። እነዚሁ ሞተሮች ብዙ የሃያስ ሚኒባሶችንም ስላንቀሳቀሱ መለዋወጫውም ሙያውም ከመርካቶ ሶማሌ ተራ እስከ ክፍለ ሀገር ጋራዥ ድረስ ይገኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን እንደ ዕድሜያቸው በከባድ ታክስ ከያዘ ወዲህ ደግሞ ያለውን መኪና ተንከባክቦ ማቆየት ለብዙ ባለቤት ብቸኛው መንገድ ሆኗል። የኢሱዙ፣ የሚትሱቢሺና የኒሳን አሮጌ ፒክአፖች በዝርዝር ይለዩ እንጂ እዚህ የሚባለው አብዛኛው ለእነሱም ይሠራል።

የደጋው ሒሳብ

አንድ ግራም ናፍጣ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.5 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። እንዲህ ያሉ ሞተሮች ያለ ጢስ እንዲሠሩ ደግሞ ከዚያም በላይ፣ ወደ 20 ግራም የሚጠጋ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ወለል ላይ 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከፍታዋ 2,350 ሜትር ገደማ በሆነችው አዲስ አበባ ግን 0.9 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው የአየር ስፋት ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ሩብ ያህል ጎድሏል። ስለዚህ 90 የነበረው የፈረስ ጉልበት እዚህ 68 አካባቢ ይሆናል፤ ሞተሩ ዛሬ ከካርቶኑ የወጣ ቢሆን እንኳ። ደብረ ብርሃንና እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚህም ያንሳል።

ይህ ቁጥር መንገድ ላይ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣውን መንገድ እንውሰድ። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወረዳል፤ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። ከነጭነቱ 2,800 ኪሎ የሚመዝን ፒክአፕ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚነሣ ዳገት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እንዲወጣ በግምት 49 የፈረስ ጉልበት ጎማው ላይ መድረስ አለበት። ካምቢዮውና ዲፈረንሲያሉ የሚበሉት ሲታከልበት ሞተሩ 57 ያህል መስጠት ይኖርበታል። ወደ ደጀን አናት ሲቃረብ 68 ያለው ሞተር ይህን ይችላል። በዕድሜ ብዛት አንድ አምስተኛውን ያጣው ግን 54 ብቻ ስለሚቀረው ማርሽ ቀንሶ ፍጥነቱን መጣል ግዴታው ነው። በእኛ ዳገቶች ላይ በሚስብና በማይስብ መኪና መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ይህችው 10 እና 15 የፈረስ ጉልበት ናት። የጠፋውን መፈለግ ትልቅ ሥራ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የጠፋውን መፈለግ

የመጀመሪያው ምርመራ መፍቻ እንኳ አይፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው ጋቢና ገብቶ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ይርገጥ፤ ሌላው ኮፋኖውን ከፍቶ ፖምፓው ላይ ያለችውን ክንድ ይመልከት። ክንዷ እንቅስቃሴዋን የምትገታውን ብሎን መንካት አለባት። ከዓመታት በኋላ ግን ካቦው ይለጠጣል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ ፔዳሉ ሥር ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ክንዷም ብሎኗ ጋ ሳትደርስ ጣት የምታስገባ ክፍተት ትታ ትቆማለች። እንዲህ ያለው መኪና ባለቤቱ ሳያውቅ ለዓመታት ሙሉ ነዳጅ ሳያገኝ ይነዳል። ካቦውን ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ከዚህ በፊት ቴስታታ ለማውረድ የሚነሣ ሜካኒክ ቸኩሏል።

የአየር ፊልትሮ በአቧራ መንገድ ላይ ከመመሪያው ቀድሞ እንደሚዘጋ ሁሉም ያውቃል። ብዙ የማይታወቀው ከነዳጅ ታንኩ ወደ ፖምፓው በሚመጣው መስመር የሚገባው አየር ነው። ፖምፓው ናፍጣውን እየሳበ ስለሚያመጣው ቱቦው ላይ ያለች ቀጭን ስንጥቅ ነዳጅ አታንጠባጥብም፤ አየር ግን ታስገባለች። መኪናው በለሆሳስ ሲሄድ ምንም አይታወቅበትም፤ ዳገት ላይ ብዙ ነዳጅ ሲጠየቅ ይንተባተባል። ከፊልትሮው ቀጥሎ ለጊዜው ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ገጥሞ ሞተሩን ማስነሣት በቂ ነው፤ አረፋ ካለፈበት ችግሩ ተገኝቷል። ፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ ማፍሰስም አይረሳ። ውኃ ፖምፓውንና ኖዝሉን ይበላል።

ጉልበቱ ከሞተሩ ወጥቶ መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜም አለ። የፍሬን ሸራ ከረገጡት በኋላ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ሲቀር መኪናው ሁልጊዜ በግማሽ ፍሬን ይሄዳል። ፍሬን ብዙ ሳይረግጡ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቶ መቆምና እጅን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ማስጠጋት ነው፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥለው ጥፋተኛው ነው። ፍሪሲዮኑም እንዲሁ። ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ሲረገጥ የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ከቆመ፣ ጉልበቱ ተሠርቶ ሸራው ላይ እየተቃጠለ ነው።

ከዚህ በኋላ ኮምፕሬሽን መለካት ይመጣል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ የሚፈረድበት እዚህ ስለሆነ። የፋብሪካው መመሪያ ለእነዚህ ሞተሮች 32 ኪሎ ገደማ በስኩዌር ሴንቲ ሜትር ደህና፣ 20 ዝቅተኛው፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከ5 የማይበልጥ ይሁን ይላል። እነዚህ ቁጥሮች የባሕር ወለል ቁጥሮች ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ሲሊንደሩ የሚሞላው አየር ሩብ ያህል ስለሚጎድል 32 ማሳየት የሚገባው ሞተር 24 አካባቢ ያሳያል። ይህን ያላሰበ ሰው 24 ሲያይ «ፋሻው አልቋል» ብሎ ሞተር ያስወርዳል። በእኛ ከፍታ የሚታመነው የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው። ሦስቱ 24 እና 23 ሆነው አንዱ 15 ከሆነ እውነተኛ ሕመም አለ። ያንኑ ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጎ ሲለኩት ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካልተለወጠ ቫልቩ ወይም የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል።

ኖዝሎቹን አስወጥቶ በመሞከሪያ ላይ ማስረጨት፣ የቫልቮቹን ክፍተት ማስተካከል፣ የፖምፓውን ታይሚንግ በጌጅ መለካት የተለመዱ ሥራዎች ናቸው፤ አንድ በአንድ አልገባባቸውም። ሆኖም አንዱ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ታይሚንግ ቤልት ሲቀየር አንድ ጥርስ ከተዛነፈ ሞተሩ ይነሣል፣ ይሠራል፣ ግን ይደክማል። መኪናው «ቤልቱ ከተቀየረ ወዲህ ነው የማይስበው» ከተባለ ምልክቶቹን እንደገና ከፍቶ ማየት ይቀድማል። አዲስ ኖዝል መግዛቱ ይቆይ።

ጥቁር ጢስ

«ጋሼ፣ ፖምፓውን ትንሽ ልክፈትልዎት፤ ይነሣል።» ይህን ያልሰማ የናፍጣ መኪና ባለቤት ያለ አይመስለኝም። ፖምፓው ጀርባ ላይ ሞተሩ ሙሉ ሲረገጥ የሚያገኘውን የነዳጅ ልክ የምትወስን ብሎን አለች። በካቻቢቴና በመፍቻ ሩብ ዙር ስትገባ ነዳጁ ይጨምራል። ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ዋጋውም ቀላል ነው፤ መኪናውም ለጥቂት ሳምንት የነቃ ይመስላል። ከሁሉም መንገዶች በብዛት የሚሠራው ይህ ነው። እኔ አጥብቄ የምቃወመውም ይህንኑ ነው።

ምክንያቱ ያው የአየሩ ሒሳብ ነው። ፋብሪካው ብሎኗን ያሰረው በባሕር ወለል ላይ ለሚገኘው አየር ነው። አንዳንድ ሞተሮች ከፍታ ሲጨምር ነዳጁን የሚቀንስ መሣሪያ ፖምፓቸው ላይ አላቸው፤ የሌላቸው ግን አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ሊያቃጥለው ከሚችለው በላይ ነዳጅ አስቀድመው እየተቀበሉ ነው። የደጋ ናፍጣ መኪና ከፋብሪካው ልክ ሳይወጣ እንኳ ዳገት ላይ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ብሎኗ ስትከፈት የሚጨመረው ናፍጣ አብዛኛው የሚያቃጥለው አየር አያገኝም። ከፊሉ ጥላሸት ሆኖ በማርሚታው ይወጣል፤ ከፊሉ ዘግይቶ ሲቃጠል ሙቀቱ ከጉልበት ይልቅ ወደ ጭስ መውጫው ይሄዳል። ከሞተሩ በሚወጣው ጋዝ ላይ ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አልፎ ሲቆይ የፒስተኑ ራስና ቴስታታው ውስጥ ያለችው የማቃጠያ ክፍል አደጋ ውስጥ ይገባሉ። ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያጥባል፤ ዘይቱ በጥላሸት ይወፍራል፤ ፋሻው ቶሎ ያልቃል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ከወራት በኋላ ቴስታታው ሲሰነጠቅ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጥፋቱ በራዲያተሩ ይላከካል።

ጢሱን መንገድ ዳር የሚተነፍሰው እግረኛም የዚህ ሒሳብ አካል ነው። ጠባብ ዳገት ላይ ከተከፈተ ፖምፓ ጀርባ ልጅ ይዞ የቆመን ሰው ያየ ጉዳዩ የባለ መኪናው ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል።

የሚበጀው ፖምፓውን አውርዶ ካሊብሬሽን መሞከሪያ ባለው ባለሙያ ዘንድ ማስለካት ነው። ያረጀ ፖምፓ ለአራቱ ሲሊንደሮች የሚያደርሰው ነዳጅ እኩል ላይሆን ይችላል። አንዱ ሲሊንደር ሲጠግብ አንዱ ይራባል፤ የሚጤሰው የጠገበው ነው። አራቱን እኩል ማድረግ ብቻውን የጠፋ ጉልበት ይመልሳል፤ ጢሱንም ይቀንሳል። መኪናው አብዛኛውን ዕድሜውን ደጋ ላይ የሚያሳልፍ ከሆነና ቱርቦ ከሌለው፣ የነዳጁ ልክ ከፋብሪካው ትንሽ ዝቅ ቢል የሚጎድለው ጉልበት እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ የሚተርፈው ናፍጣና የሞተር ዕድሜ ግን ብዙ ነው።

ስለ ሌሎቹ ርካሽ መፍትሔዎች ብዙ የሚባል የለም። ነዳጅ ውስጥ የሚጨመሩ ጠርሙሶች፣ የነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰሩ ማግኔቶች፣ አየር መግቢያው ላይ የሚገቡ ትንንሽ ማራገቢያዎች የዓባይን ዳገት አያወጡም። ሰፊ ማርሚታ ቱርቦ ለሌለው ናፍጣ ከድምፅ በቀር የሚጨምረው ጥቂት ነው። አሮጌው ቱቦ ተጨፍልቆ ወይም በጥላሸት ተደፍኖ ከሆነ ግን መቀየሩ ይሰማል።

ቤንዚን የሚጠጡት

ባለ ቤንዚን ፒክአፕ የያዘ ሰው ጥያቄው ይለያል። የቶዮታው 22አር ሞተር፣ 2,366 ሲሲ፣ በካርቡራቶር ሲሠራ የደጋው አየር ከነዳጁ ጋር ያለውን ልክ ያዛባበታል። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ ነዳጁን በዚያው መጠን አይቀንስም፤ ድብልቁ ይወፍራል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። የነዳጅ ማስተላለፊያዋን ቀዳዳ ለከፍታው በሚስማማ ልክ መቀየርና የእሳቱን ጊዜ ጥቂት ማስቀደም የሚገባውን ጉልበት ይመልሳል። ደጋ ላይ ሲሊንደሩ የሚሞላው አየር አነስተኛ በመሆኑ ሞተሩ የመንኳኳት ዕድሉ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እሳቱን ማስቀደምም ሆነ ቴስታታውን በጥቂቱ አስልሶ ኮምፕሬሽን ከፍ ማድረግ ከቆላው ይልቅ እዚህ ይቻላል። መኪናው ወደ ቆላ የሚወርድ ከሆነ ግን ልኩን ማወቅ ይገባል። የዚህ ሞተር ሰንሰለት የሚሄድበት የፕላስቲክ መሪ እንደሚሰበርም የታወቀ ነው፤ ሲነሣ ከፊት የሚንኳኳ ከሆነ ጉልበት ከመፈለግ በፊት እሱ ይታይ።

ከዚሁ ሞተር የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ለአሜሪካ ገበያ ለዚህ ሞተር ቱርቦ ገጥሞለት ነበር። ቱርቦ የሌለው ባለ ኢንጀክሽኑ 116 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ ባለ ቱርቦው 135 ሰጠ። ፋብሪካው ያን 19 የፈረስ ጉልበት ለማግኘት ኮምፕሬሽኑን ወደ 7.5 ለ1 አውርዷል። አምራቹ ራሱ ይህን ያህል ሲጠነቀቅ፣ ጋራዥ ውስጥ ምንም ሳይለወጥ ቱርቦ ሰቅሎ እጥፍ ጉልበት የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ጥፋት ነው።

ቱርቦ

የቱርቦ ታሪክ ከተራራ ጋር የተያያዘ ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩኪ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በ1918 አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ከ4,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ወስዶ ፈተነው። ባሕር ወለል ላይ 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ተራራው ላይ ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት 356። ከፍታ የወሰደውን አየር መልሶ መስጠት ቱርቦ ገና ከጅምሩ የተፈተነበት ሥራ ነው።

ለዚህ ነው ደጋ ላይ ቱርቦን የማላጣጥለው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት 0.76 ባር ያህል ነው። ቱርቦው 0.3 ባር ቢጨምርለት ሞተሩ የሚያገኘው አየር ፋብሪካው ሲሠራው ያሰበለትን ያህል ይሆናል፤ ከታሰበለት በላይ አይጫንበትም። በፋብሪካው ልክ የታሰረው ነዳጅ አሁን የሚያቃጥለው አየር ያገኛል፤ ጢሱ ይጠራል፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ ሙቀትም ሊቀንስ ይችላል። ጤነኛ የሆነ 3ኤል ወይም 5ኤል ለዚህ መጠን አይበገርም። አውስትራሊያ ውስጥ ለእነዚሁ ሞተሮች የተዘጋጁ የቱርቦ መግጠሚያዎች ለዓመታት ሲሸጡ ኖረዋል።

አደጋው ያለው መንገዱ ቁልቁል ሲሄድ ነው። አብዛኛው ቱርቦ ግፊቱን የሚቆጣጠረው በዙሪያው ካለው አየር በላይ በሚጨምረው ልክ ነው። አዲስ አበባ ላይ 0.5 ባር ሲጨምር ሞተሩ በድምሩ 1.26 ያገኛል፤ ያው መኪና በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ጂቡቲ ሲደርስ ድምሩ 1.5 ይሆናል፣ በዚያ ሙቀት። ደጋ ላይ የተመቸው ልክ ቆላ ላይ ቴስታታ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ልኩ የሚወሰነው መኪናው ከሚሄድባቸው ቦታዎች ዝቅተኛውንና ሞቃቱን አስቦ ነው። ፋብሪካ የሠራው የ2ኤል ቱርቦ እንኳ በቴስታታ መሰንጠቅ በዓለም ዙሪያ ስሙ የጠፋ ነው።

ሲገጠም የማይታለፉ ነገሮች አሉ። ቱርቦው ትንሽ መሆን አለበት፤ በደቂቃ 2,000 ዙር ሳይደርስ ሥራ የማይጀምር ትልቅ ቱርቦ ለጭነት መኪና አይረባም። የዘይቱ መመለሻ ቱቦ ወፍራም ሆኖ ሳይታጠፍ ቁልቁል ወደ ሞተሩ መውረድ አለበት፤ መንገድ ላይ ሽቅብ ካለ ዘይቱ ቱርቦው ውስጥ ታግቶ በማርሚታው ሰማያዊ ጢስ ይወጣል፣ ቱርቦውም ያለ ጥፋቱ ይቀየራል። የሚወጣውን ጋዝ ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ጋቢና ውስጥ ይግባ። ይህ ጌጅ ሳይኖር ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ሹፌሩ ሳያየው ይቃጠላል። ዘይቱ በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር፤ ከረጅም ዳገት በኋላ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት አይገባም። ነዳጅ መጨመር ካስፈለገ ቱርቦው ሲነፋ ብቻ በሚጨምር ፖምፓ ይሁን።

ከሁሉም በፊት ግን ሙቀቱን የሚያስወግደው ክፍል ጤነኛ ይሁን። ውኃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ በሰላም ከዚያ በላይ ሙቀት ላይ የሚሠራው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝለት ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ይወስደዋል። ላስቲኳ የደረቀች ክዳን ግን ምንም ስለማትይዝ ቴስታታው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ባለበት ብረቱ አይቀዘቅዝም። ሌላው የቆየ ልማድ «እንዳይሞቅ» ብሎ ቴርሞስታት ማውጣት ነው። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ሜዳ ላይ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ይሠራል፤ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ሙቀት የሚያስቸግረው መኪና ራዲያተሩ፣ ማራገቢያውና የውኃ ፖምፓው ይታይለት እንጂ ቴርሞስታቱ አይጣል።

ሞተር መቀየር

አሮጌው ሞተር ፋሻውም ቴስታታውም ካለቀ ማሳደሱና ሌላ መስቀሉ በዋጋ ይቀራረባሉ። 3ኤልን በ5ኤል መተካት ቀላሉ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ስለሆኑ መቀመጫውና ካምቢዮው ብዙ አያስቸግርም። ይሁን እንጂ ልዩነቱ 207 ሲሲ፣ ሰባት በመቶ ገደማ ነው። ሰዎች ተአምር ጠብቀው የሚያዝኑበት ለውጥ ይህ ነው። በእርግጥ የሚሰማ ለውጥ የሚሰጡት ባለ ቱርቦዎቹ ናቸው፦ ከ120 የፈረስ ጉልበት በላይ የሚሰጠው 2,982 ሲሲው 1ኬዜድ፣ ከእሱ በኋላ የመጣውና ከ160 የሚያልፈው 1ኬዲ። ሁለቱም ዋጋ አላቸው። 1ኬዜድ በቴስታታው ይታማል። 1ኬዲ ደግሞ ኮምፒውተሩን፣ ሽቦዎቹንና ሴንሰሮቹን ሁሉ ይዞ ካልመጣ አይሠራም፤ ውኃ ወይም ላምባ የገባበት ናፍጣ የቀድሞዎቹ ሞተሮች ታግሠውት ሲያልፉ እሱ ኢንጀክተሮቹን ያጣል። ክፍለ ሀገር ለሚውል መኪና ይህ ከባድ ነጥብ ነው።

ያገለገለ ሞተር ሲገዛ በሥራ ላይ ሆኖ ማየት ያስፈልጋል። ሞቆ ሳለ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት በኃይል የሚተነፍስ ሞተር ፋሻው አልቋል፤ የተቀባው ቀለም ምንም ያህል ቢያምር። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬ ላይ የተመዘገበ ስለሆነም ከመሰቀሉ በፊት የግዢውን ሕጋዊ ሰነድ መያዝና ለውጡን ማስመዝገብ ግድ ነው።

ጎማና ማርሽ

ከሁሉም መንገዶች ብዙም የማይወራለት የጎማና የማርሽ ጉዳይ ነው፤ እኔ ግን ከቱርቦ አስቀድመዋለሁ። ብዙ ባለቤቶች ለመኪናው ቁመና ሲሉ ሰፋፊ ጎማ ያስገጥማሉ። 205 አር 16 የነበረው ጎማ ቁመቱ 74 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ265/75 አር 16 ሲተካ 80 ይሆናል። በዚህ ለውጥ ብቻ በእያንዳንዱ ማርሽ መንገዱ ላይ የሚደርሰው የመሳብ ኃይል ስምንት በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ያውም የጎማው ክብደት ሳይቆጠር። 3ኤልን በ5ኤል በመተካት የተገኘውን ያህል በጎማ ይጠፋል ማለት ነው። ወደ ቀድሞው ልክ መመለስ ሞተር ሳይነካ ጉልበት ይመልሳል። ትልቁን ጎማ ለመንገዱ ሲል የግድ የሚፈልግ ሰው ዲፈረንሲያሉን መቀየር ይችላል፤ 4.10 የነበረው በ4.556 ሲተካ የመሳብ ኃይሉ በ11 በመቶ ይጨምራል። ባለ ሁለት ዲፈረንሲያል ከሆነ የፊቱም የኋላውም አብረው ይቀየራሉ። ሜዳ ላይ ሞተሩ በተመሳሳይ ፍጥነት ከፍ ባለ ዙር ይሠራል፤ ጭነት ለሚጭን መኪና ይህ የሚከፈል ዋጋ ነው።

ሹፌሩም ድርሻ አለው። እነዚህ ሞተሮች በደንብ የሚስቡት በደቂቃ ከ2,400 ዙር አካባቢ ጀምሮ ነው። ማርሽ ላለመቀነስ ሲባል በ1,300 ዙር ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ ዳገት መግፋት ከፍተኛውን ጢስና ከፍተኛውን ሙቀት ያመጣል፤ ጉልበት ግን የለውም። ዳገቱ ሳይጀምር አንድ ማርሽ መቀነስ ከማንኛውም ብሎን የበለጠ ይሠራል።

በየትኛውም መንገድ ጉልበት የጨመረ መኪና ከጋራዥ ከመውጣቱ በፊት ፍሬኑ ይታይ። ቀድሞ 800 ኪሎ ጭኖ በግድ ይወጣ የነበረው አሁን ሙሉ ቶን ጭኖ በፍጥነት ይወጣል፤ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርድም ያው ጭነት ከጀርባው አለ። የኋላው ሸራ፣ የፊቱ ዲስክ፣ የፍሬን ዘይቱ፣ እንደ ጭነቱ ልክ የኋላውን ፍሬን የምታስተካክለው ቫልቭና ባሌስትራው ሳይታዩ ለሞተር ብቻ ገንዘብ ማውጣት ግማሽ ሥራ ነው። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ ፍሬኑ ይቅደም።